ሉማሜ ላይ ያልገለጥኩት ገጽ

ባለፈው ቅዳሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ልጄ ናሆም ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ጠራኝ። «እማዬ፣ እስኪ ነይና አንድ ነገር ምረጪልኝ።» እጄን በሽርጤ ጠርጌ ሄድኩ። የሚጫወተው ታሪክ ያለው ጨዋታ ነው፤ ሰዎቹ ይነጋገራሉ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሉ ደግሞ ተጫዋቹ ይመርጥላቸዋል። ስክሪኑ ላይ ዝናብ ይዘንባል። አንዲት ወጣት ሻንጣዋን ይዛ ባቡር ጣቢያ ቆማለች፤ አንድ ልጅ ከፊቷ ቆሞ መልስ ይጠብቃል። ከታች ሦስት ምርጫ ተደርድሯል። አንዱ «እቀራለሁ»፣ አንዱ «እሄዳለሁ» ይላል፤ ሦስተኛው ሦስት ነጥብ ብቻ ነው። ከሥራቸው አንዲት ነጭ መስመር እያጠረች፣ እያጠረች ትሄዳለች።

«ቶሎ በይ፣ መስመሯ ካለቀች አለቀ!»

ፋርማሲስት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ለሰው «ይህን ጠዋት፣ ይህን ማታ» ስል ነው የምውለው፤ በመናገር የምታማ ሴት አይደለሁም። ያን ጊዜ ግን አፌ ተሳሰረ። መስመሯ አለቀች፣ ልጅቷም ምንም ሳትናገር ባቡሩ ላይ ወጣች።

«ምንም አልመረጥኩም እኮ» አልኩት።

«መርጠሻል እንጂ። ዝም ማለትም ምርጫ ነው፤ ሦስተኛው እሱ ነበር።» ቀና ብሎ ፊቴን ሲያየኝ ጊዜ ደነገጠ መሰለኝ፣ «አይዞሽ፣ ወደ ኋላ መልሼ ሌላውን አየዋለሁ» አለኝ። ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ሲያደርገው ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ተመልሳ ጣቢያው ላይ ቆመች። እኔም ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። ሽንኩርት ደግ ነገር ነው፤ ለምን ታለቅሻለሽ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።

ደብረ ማርቆስ የኖርነው አራት ዓመት ነው። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር ቤታችን የሚተከለውም የሚነቀለውም በዝውውር ደብዳቤ ነበር። ይህን የማወራው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የሆነውን ነው። የማርቆስን ብርድ የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ጠዋት ጉሙ ከባሕር ዛፉ ላይ ሳይነሣ፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን ነበር ትምህርት ቤት የምንደርሰው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ጫማ ይቀማል።

ትምህርት ቤታችን አንድ ኮምፒውተር ነበረው። አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ሲሄድ ትቶልን የሄደው ነው። የቀሩት አስተማሪዎች በአበባ ጨርቅ ልብስ ሰፍተውለት፣ ክፍሉን ቆልፈውበት ይኖር ነበር። ቁልፉ የፊዚክስ አስተማሪያችን የጋሽ ይልማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስም ያስመዘገበ ተማሪ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ግማሽ ሰዓት ይፈቀድለታል። ጫማ ማውለቁ ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከባድ ነገር ያለበት ቤት ሲገባ ጫማ ይወለቃል፣ በቃ።

እኔ የተመደብኩት ከይትባረክ ጋር ነው፤ ክፍል ውስጥም አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። ይትባረክ የዲማ ሰው ነው። ዲማ ከጥንት ጀምሮ የሊቃውንት አገር ስለሆነ እሱም በልጅነቱ ከዜማ ቤት ቅኔ ቤት ሲዞር ኖሮ፣ ድቁና ተቀብሎ ከቆየ በኋላ ነው ዘመናዊ ትምህርት የጀመረው። ስለዚህ በዕድሜ ከኛ ሦስት ዓመት ይበልጣል። ነጠላውን በዩኒፎርሙ ላይ ጣል አድርጎ ይመጣል። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ የረጋ፣ ሳቁ ግን እንደ ልጅ ድንገት የሚያመልጠው ነበር።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ፈረንጁ የተወው አንድ ጨዋታ ነበር፣ በፍሎፒ ዲስክ የሚነሣ። ሥዕል የለውም፣ ድምፅ የለውም። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። እንግሊዝኛው በኔ በኩል ስለሆነ እኔ እያነበብኩ ለሱ እተረጉምለታለሁ። የመጀመሪያውን ዛሬም አልረሳሁትም። «አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት ፊት ቆመናል። በሩ ገርበብ ብሏል። ደጃፉ ላይ መብራት ተቀምጧል። ምን እናድርግ?» ጨዋታው አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያናግረው። ቆመናል ያልኩት እኔ ነኝ።

እንዲህ ሲል ነው እንግዲህ ተጫዋቹ ትእዛዝ የሚጽፈው፤ ሂድ፣ ክፈት፣ አንሣ። እኔ «ግባ» ብዬ ልጽፍ ስል ይትባረክ እጄን ያዘ።

«መጀመሪያ ሰላም በይ እንጅ።»

«ማንን?»

«የቤቱን ሰው ነዋ። ሰው ቤት ዝም ተብሎ ይገባል?»

እንግሊዝኛውን ፈልጌ እንደምን አደራችሁ ብዬ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበና «ይህን ቃል አላውቀውም» ብሎ መለሰ። ይትባረክ ተቀየመ፤ የእውነቱን ነው የተቀየመው። «ሰላምታ የማያውቅ ቤት! ይኸስ ደህና ቤት አይደለም» አለ። የሆነ ሆኖ ገባን።

ከውስጥ ወደ ምድር ቤት የሚያወርድ ደረጃ አለ፤ ታች ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። በጨለማ የወረደ ሰው ገደል ገብቶ ይሞታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ደጃፉ ላይ ያለውን መብራት አንሥቶ መውረድ። ይትባረክ ግን አሻፈረኝ አለ።

«መብራቱ የኛ ነው?»

«ጨዋታ እኮ ነው!»

«ጨዋታም ቢሆን የሰው ዕቃ ነው። ባለቤቱን ጠይቂ።»

ጠየቅሁ። «እዚህ ባለቤት የለም» አለን። ይትባረክ ራሱን ነቀነቀ። «ባለቤት የሌለው መብራት የለም። ማን ሠራው? ማን አበራው?» አለኝ። በዚህ የተነሣ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እያወቅን ጨለማ ውስጥ ወርደን ሞትን። ጋሽ ይልማ በር ላይ ቆሞ በሳቅ ይፈርሳል። የሌላ ክፍል ልጆች በሁለተኛው ቅዳሜ ከምድር ቤቱ ወዲያ ያለውን ወንዝ ተሻግረዋል እየተባለ ይወራል። እኔ እናደዳለሁ፣ ደግሞም ደስ ይለኛል። አንድን ሰው ስለ ግትርነቱ መውደድ ምን ይባላል? እንጃ፣ እኔን ግን ያን ጊዜ ጀመረኝ።

በአራተኛው ቅዳሜ ይትባረክ የሚያረፍድበት ቀን ነበር፤ ቅዳሴ አለበት። ብቻዬን ገብቼ «መብራቱን አንሣ» ብዬ ጻፍኩ። ሲመጣ ምድር ቤቱ በርቶ፣ የድንጋዩ ግድግዳ ሳይቀር ተጽፎ አገኘው። እስከ መጨረሻው ሳነብለት ቆሞ ሰማኝ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ «አንች ነሽ ያነሣሽው። እኔ አላነሣሁም። ብርሃኑን ግን አብሬሽ አያለሁ» ብሎ ጎኔ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ረጅም ሆነ። ጨዋታውን ካቆሙበት ማስቀመጥ እንደሚቻል አናውቅም ነበር፤ ግማሽ ሰዓታችን ሲያልቅ ወይም መብራት ሲጠፋ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኔ ማስታወሻ ልይዝ ደብተር ሳወጣ ይትባረክ ሳቀብኝ። «ተይው፣ እኔ ይዠዋለሁ።» በቅኔ ቤት የቃል ትምህርት ያደገ ሰው ምን ወረቀት ያስፈልገዋል? በሚቀጥለው ቅዳሜ ዓይኑን ከድኖ፣ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ፣ «ሰሜን፣ ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ገመዱን አንሣ፣ ውረድ፣ ምዕራብ» እያለ በዜማ ያወርድልኛል፤ እኔ እየተከተልኩ እጽፋለሁ። አንዲት ቃል አትዛነፍም። ሌሎቹ ልጆች አንድ ወር የፈጀባቸውን እኛ በዐሥር ደቂቃ እናልፈዋለን። ጋሽ ይልማ «ዘንድሮ ኮምፒውተርም ማሕሌት ቆመ» ይል ነበር።

ከጨዋታው በኋላ በገበያው በኩል ዞረን ነው ወደ ቤት የምንሄደው። አንዲት ሴትዮ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣና በጨው ትሸጣለች፤ ቆዳው ሳይላጥ፣ እንፋሎቱ ሳይበርድ። ከዚያ ሻይ። እኔ ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ካልጨመርኩ አይሆንልኝም፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ «ያንችስ ሻይ ሳይሆን ማር ነው» ይለኛል። ይኸው ነበር ሀብታችን። አሁን ሳስበው የዚያን ዓመት ቅዳሜዎች ሁሉ አንድ ቅዳሜ ይመስሉኛል።

ፋሲካ አልፎ ትምህርት ሲከፈት ይትባረክ ከዲማ ተመለሰ። ድንቻችንን ይዘን ስንሄድ ነገረኝ።

«ቤተሰቦቸ አጭተውልኛል።»

«ማንን?»

«የቄስ ልጅ ናት አሉ። አላየኋትም። ቅስና የሚፈልግ ዲያቆን ሳያገባ አይሆንለትም፤ ታውቂያለሽ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ሰኔ ትምህርት ሲዘጋ መልስ እሰጣለሁ አልኋቸው።» ጥቂት ሄድን። «አንች ብትሆኝ ምን ትያለሽ?»

አሁን እንግዲህ ያችን ነጭ መስመር ያየኋት ያን ጊዜ ቢሆን ኖሮ! ትኩስ ድንች አፌ ውስጥ ነበር፤ በሱ ላሳብብ እችላለሁ። እውነቱ ግን ኩራት ነው። «እንኳን ደስ ያለህ! ሠርግህ ላይ ሳትጠራኝ እንዳትቀር» ብዬ ሳቅሁ። እሱም ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ኮምፒውተሩ አወራን።

የአባቴ የዝውውር ደብዳቤ ግንቦት መጨረሻ ላይ መጣ። ወደ ናዝሬት። ለይትባረክ ስነግረው «መቼ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ፈተና እንዳለቀ አልኩት። ከዚያ በኋላ ለቅዳሜው ጨዋታ ስም አላስመዘገበም። ክፍልም ውስጥ ደብተሩን በክንዱ ከልሎ ሲጽፍ ይውላል፤ ምን እንደሆነ ስጠይቀው «የቤት ሥራ» ይለኛል። የጀመርነውን ጨዋታ አልጨረስነውም። አንድ የብረት በር ጋ ቆሞ ቀረ፤ ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ ዛሬም አላውቅም።

ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን በጠዋት በራችን ላይ መጣ። ግባ ብለው እምቢ አለ። በቡኒ ወረቀት የተለበጠ ደብተር ሰጠኝ።

«ጨዋታ ሠርቸልሻለሁ። በአማርኛ ነው። ሰላም ብትይው ሰላም የሚልሽ።»

«እንዴት ነው የምጫወተው?»

«እየመረጥሽ ወደተባልሽው ገጽ ትሄጃለሽ። አውቶቡሱ ሲነሣ ጀምሪ እንጅ ከዚያ በፊት እንዳትከፍችው። ያልመረጥሽውን ገጽ ደግሞ አትግለጭ። ያልመረጥሽው ያንች አይደለም። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁ። «ነገ መናኸሪያ ትመጣለህ አይደል?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «እግዚአብሔር ያውቃል» አለና ሄደ።

በማግስቱ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ነበርን። ያ የሰኔ ካፊያ ይወርዳል። የክፍላችን ልጆች አራት አምስት ሆነው መጥተው ተላቀስን። ይትባረክ የለም። አውቶቡሱ ጡሩምባውን እስኪነፋ ድረስ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ በነጠላ የሚመጣ ሰው ሁሉ እሱ እየመሰለኝ አየሁ። አልመጣም። እንባዬ ወደ ንዴት ሲለወጥ ይታወቀኛል። ይህን ሁሉ ቅዳሜ አብሮኝ ተቀምጦ፣ ለአንዲት ጠዋት መነሣት አቃተው አልኩ።

አውቶቡሱ ሲነቃነቅ ግን ደብተሩን ከፈትኩት። አንደኛው ገጽ «እንደምን አደርሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል። ቀጥሎ «ከሹፌሩ ጀርባ ከተቀመጥሽ ወደ ገጽ 4፣ ከኋላ ከተቀመጥሽ ወደ ገጽ 7 ሂጅ።» ከኋላ ነበርን። ገጽ ሰባት «ከኋላ ዶሮ የያዘ ሰው አይጠፋም። ዶሮዋን ሰላም ካልሻት ወደ ገጽ 11» ይላል። እውነትም አጠገባችን አንድ ሰውዬ ሁለት ዶሮ እግራቸውን አስሮ ይዟል። እንደ ተናደድኩ ሳቅሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ደብተሩ ከመንገዱ ጋር ይሄዳል፤ ድልድዩን፣ ዳገቱን፣ የጤፉን ማሳ፣ ሁሉን ጽፎታል። የቅኔ ቤት እጅ ጽሕፈቱ እንደ ብራና የተስተካከለ ነው።

ሠላሳኛው ገጽ ላይ ስደርስ አውቶቡሱ ሉማሜ ገባ። ሉማሜ ሻይ ሳያጠጣ የሚያልፍ አውቶቡስ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ገጹ እንዲህ ይላል፦ «አውቶቡሱ ሉማሜ ቆመ። ሻይ ቤቱ ከፊት ለፊትሽ ነው። የምትወርጅ ከሆነ ወደ ገጽ 31። የማትወርጅ ከሆነ ወደ ገጽ 40።»

አባቴ «ነይ እንጂ፣ ሻይ ጠጥተሽ ሙቂ» አለኝ። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ካፊያው ወደ ዝናብ ተለውጧል፣ ጭቃው ያስጠላል፣ ጫማዬ አዲስ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ተቀይሜያለሁ። እሱ ራሱ ሳይመጣ በወረቀት ላይ ውረጂ፣ ውጪ ይለኛል እንዴ? «አልፈልግም፣ እዚሁ ልቀመጥ» አልኩት። አባቴ ወረደ። እኔ ገጽ አርባን ገለጥኩ።

«መልካም መንገድ። ናዝሬት ሙቀት ነው ይላሉ፤ ጋቢ አያስፈልግሽም። ጨዋታው አለቀ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ገጽ ጽፎ ጋቢ አያስፈልግሽም! ደብተሩን ከድኜ ቦርሳዬ ሥር ከተትኩት። አባቴ አንድ ቦምቦሊኖ በወረቀት ጠቅልሎልኝ ተመለሰ። «የዚህ አገር ልጆች እንዴት ያሉ ጨዋ ናቸው» አለኝ እየተቀመጠ፣ «ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ፣ አንድ ነጠላ የለበሰ ተማሪ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። እሱ ቆሞ በሩን በሩን ያያል።» እሺ አልኩት። አባቴ ይትባረክን አይቶት አያውቅም። እኔ ቦምቦሊኖዬን በላሁ፤ አውቶቡሱም ተነሣ።

ደብተሩን ሁለት ወር አልነካሁትም። ናዝሬት ሙቀት ነው፤ እውነቱን ነው፣ ጋቢ አላስፈለገኝም። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጓደኛ ሳላገኝ፣ የማላውቀው ሰፈር በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ ናፍቆቱ በረታብኝ። ቃሌን አፍርሼ ሠላሳ አንደኛውን ገጽ ገለጥኩ።

«ወረድሽ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን የምታነቢ ከሆነ እኔ ትናንት በጭነት መኪና መጥቸ ሉማሜ ቤተ ክርስቲያን አድሬያለሁ፤ አሁን ከበሩ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጨ አይሻለሁ። ማርቆስ ላይ በሰው ፊት መናገር አቃተኝ። መብራቱን ባለቤቱን ሳልጠይቅ አላነሣም ብየሽ ነበር። ይኸው ልጠይቅ መጣሁ። ጠብቀኝ ካልሽኝ እጠብቃለሁ፤ ዲማም መልሴን እልካለሁ። ሂድ ካልሽኝ ወደ ገጽ 32 ሂጅ። ከአጠገቤ ከተቀመጥሽ ወደ ገጽ 33።»

ነጠላ የለበሰው ተማሪ ወንበሩን የለቀቀው ለአባቴ ነበር።

ያኔውኑ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስንት ጊዜ ቀድጄ እንደ ጻፍኩት አልናገርም። በትምህርት ቤቱ አድራሻ ላክሁት። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ መልስ መጣ፤ ጽሕፈቱ ግን የጋሽ ይልማ ነው። «ይትባረክ ዘንድሮ አልተመዘገበም። ዲማ ወርዷል፤ ለሠርጉ እየተዘጋጁ ነው ብለውኛል። ደብዳቤሽን ሳልከፍተው መልሼልሻለሁ።» ደብዳቤዬ እንደታሸገ ከውስጥ ነበር። ወደ ሠላሳ ሁለትም ወደ ሠላሳ ሦስትም አልሄድኩም። አንዴ ቃሌን አፍርሼ ያገኘሁትን አይቻለሁ። ሁለቱን ገጾች ሳልገልጥ፣ ከቤት ቤት ስዘዋወር ደብተሩን ይዤው ዞርኩ።

ዛሬ ይትባረክ ብዙ ተማሪ ያለው የቅኔ መምህር ነው፣ አምስት ልጆች አሉት ሲሉ ሰምቻለሁ። ደስ ይለኛል። እኔም ደግ ባል አግብቼ ልጅ ወልጄ እኖራለሁ፤ ባለቤቴ የዚህን ታሪክ ግማሹን፣ እስከ ዶሮዋ ድረስ ያለውን፣ ያውቃል። ሕይወቴን በሌላ ልለውጠው የምል ሰው አይደለሁም። ግን ናፍቆት ፈቃድ ጠይቆ አይገባም።

ቅዳሜ ዕለት ሽንኩርቱን ምድጃ ላይ ጥጄ ደብተሩን ከሣጥን አወጣሁት። ናሆም «ምንድን ነው?» አለኝ፤ ነገርኩት። ጨዋታውን አቁሞ፣ ወንበሩን ወደኔ አዙሮ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ የሚገርመው ሌላ ነገር ሆነ።

«ቆይ፣ ሠላሳ ሦስትን እስከ ዛሬ አላየሽውም?»

«ያልመረጥኩት የኔ አይደለም።»

«ታዲያ እኔ ልምረጠው። እኔ ቃል አልገባሁም።»

ልከለክለው አፌን ከፈትኩ። «ሠላሳ ሁለትን እንዳታነብብኝ» አልኩት ብቻ። ገጾቹን በጥንቃቄ ገለጠና፣ በዚያ ገና መጎርነን በጀመረ የጎረምሳ ድምፁ አነበበልኝ።

«"ነይ ተቀመጭ። በርዶሻል። እመየ፣ ሻይ ሁለት ያድርጉልን፤ የሷ ስኳሩ ሦስት ማንኪያ ነው።"» ቀጣዩን ገጽ ገለጠ፣ የሚቀጥለውንም። «ከዚህ በኋላ ባዶ ነው፣ እማዬ። እስከ አርባ ድረስ ባዶ ነው።»

ሽንኩርቱ አረረ። ምድጃውን አጥፍቼ በምትኩ ሻይ ጣድኩ። ሐኪም ስኳር ከከለከለኝ አምስት ዓመቴ ነው፤ እኔ ራሴ በቀን ስንቱን ሰው ስኳር ተው እያልኩ ስገሥጽ እውላለሁ። ለናሆም ቀዳሁለት፣ ለራሴም ቀዳሁ። ሦስት ማንኪያ ጨምሬ፣ አማስዬ፣ ትኩሱን ጠጣሁት።